ጌሾውን «ቡና ነው» አልኳቸው

በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደመወዝ ያገኘሁት ብስክሌት እየነዳሁ ነው። በዚያው ሥራ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዎች ፊት ቆሜ ዋሸሁ። ውሸቱ ትንሽ ነበር፤ አንድ ቁጥቋጦ የሚያህል። ግን እስከ አያቴ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ጊዜው ጥቅምት 2012 ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ ገና ሦስት ወሬ። ሥራ ፍለጋ ስዞር አንድ የማውቀው ልጅ ደውሎ «ብስክሌት ትችያለሽ አይደል?» አለኝ። የባሕር ዳር ተማሪ ሆኖ ብስክሌት የማይችል አለ? ከተማው ሜዳ ነው፤ ሴት ወንዱ፣ ተማሪ ነጋዴው በሁለት ጎማ ነው የሚሄደው። «እችላለሁ» አልኩ። «ጋይንት ነሽ አይደል?» አለ ቀጥሎ። «ላይ ጋይንት» አልኩ። በቃ፣ በዚህ ሁለት መልስ ረዳት አስጎብኚ ሆንኩ።

እንግዶቹ ስድስት ሆላንዳውያን ናቸው። አራቱ ጡረተኞች፣ ሁለቱ በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት። ጉዞው አሥር ቀን ነው፦ ከባሕር ዳር ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ጉናን አልፎ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያ ወደ ታች ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ፣ በአንበሳሜ አድርጎ ሐሙሲት፣ ተመልሶ ባሕር ዳር፣ መጨረሻው ዘጌ። ሻንጣቸውንና የምግብ ዕቃውን የያዘ ላንድክሩዘር ከኋላ ይከተለናል። ከፊት «አለቃ» የምንለው ዋናው አስጎብኚ ይነዳል። እኔ ከኋላ ሆኜ የቀረውን እሰበስባለሁ፣ ከገበሬው ጋር እያወራሁ እተረጉማለሁ።

እንግዶቹ አንድ ወረቀት ይዘው ነበር። የጉዞው ፕሮግራም ነው፤ ከላዩ ላይ በትልቁ «በብስክሌት በተራራማው የቡና አገር» የሚል ተጽፎበታል። ሥዕሉ ደግሞ ቀይ የቡና ፍሬ የዘገነ እጅ። አለቃን «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ለጅማና ለካፋ ጉዞ የተዘጋጀውን አርዕስት ለእኛም ለጥፈውት ነው አለኝ። «አትጨነቂ፤ መጨረሻ ላይ ዘጌ አለላቸው። እስከዚያ ኢትዮጵያ መሆኗ ይበቃቸዋል።»

እኔ ግን ተጨነቅኩ። ምክንያቱም አገሬን አውቀዋለሁ። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል። ገብስ፣ ድንች፣ በግ፣ ውርጭ፤ ይሄ ነው ያለን። ቡና እንዲህ ያለ ብርድ አይወድም። ጎረቤቶቻችን ቡና ቢጠጡም ቡና የተከለ ሰው አላውቅም። እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ እስከዚያ ቀን ድረስ የቡና ዛፍ አይቼ አላውቅም ነበር። አራት ዓመት ባሕር ዳር ተምሬ፣ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሆኖ፣ ለጀልባ የሚከፈል ብር ኪሴ ውስጥ ተገኝቶ ስለማያውቅ አልሄድኩም።

*

ብስክሌት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ መጀመሪያ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም.፣ በሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ አይተናል። ከካይሮ ኬፕታውን የሚሄዱት የቱር ዳፍሪክ ብስክሌተኞችም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመተማ ገብተው በጎንደር በኩል ሲያልፉ ኖረዋል። ግን ያ ውድድር ነው፣ ወይም አገር አቋራጭ ነው። ለዕረፍት ብሎ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ የጋይንትን ዳገት በእግሩ እየገፋ የሚወጣ ሰው ለእኛ ሰፈር አዲስ ነበር።

ከወረታ ሲወጡ ዳገቱ ወዲያው ይጀምራል። መንገዱን ሰው ሁሉ «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ ከወረታ ወልድያ የሚወስደውን ይህን መንገድ በደርግ ጊዜ ቻይናውያን ስለሠሩት። እኔ ከባሕር ዳር ሜዳ ውጭ ነድቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ማርሹን ወደ መጨረሻው ቀላል ቀይሬም ሳንባዬ ሊወጣ ደረሰ። ስድሳ ስድስት ዓመት የሆናት ጡረተኛ ነርስ ከጎኔ እያፏጨች አለፈችኝ። ሕፃናት ከየቤቱ እየወጡ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ከእኛ ጋር ይሮጣሉ። ከሆላንድ መጥተን ቻይና ሆንን ብለው እንግዶቹ ሳቁ። «እኔንም ቻይና እያሉኝ ነው» አልኳቸው። እውነት ነው፤ ሄልሜት ያደረገች ሴት በብስክሌት ስትመጣ ከእነሱ መሆኗን ማን ይጠረጥራል?

ደብረ ታቦር አደርን። በማግሥቱ ጠዋት ጋፋትን አሳየናቸው፤ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበትን ቦታ። ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል ይባላል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል አድርገው መቅደላ አደረሱት። ይህን ስነግራቸው አንዱ ጡረተኛ ብስክሌቱን ቀና አድርጎ እያየ «እንግዲህ ይህን ዳገት በጎማ የወጣነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም» አለ። የዚያን ቀን ዳገት በመጣ ቁጥር «ሴባስቶፖል!» እያሉ ይጮሁ ነበር።

ነርሷ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። ቡናው የት አለ? በመጀመሪያው ቀን ጠየቀችኝ፤ «ገና ነው» አልኳት። በሁለተኛው ቀን ጠየቀችኝ፤ «ወደ ፊት ነው» አልኳት። በሦስተኛው ቀን፣ ክምር ድንጋይ ሳንደርስ፣ ውሃ ለመጠጣት አንድ ቤት አጠገብ ቆምን። ከአጥሩ ሥር ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ፣ ጥቃቅን ቀይና ጥቁር ፍሬ ያንጠለጠለ ቁጥቋጦ አለ። ነርሷ ከብስክሌቷ ወርዳ ሄደች። ጣቷን ቀስራ «ይሄ ነው? ቡና ነው?» አለችኝ። ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ ነበር።

ጌሾ ነው። ጋይንት ውስጥ ጌሾ የማያውቅ የአምስት ዓመት ልጅ የለም።

«አዎ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ደክሞኝ ነበር። ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ «የለም» ማለት አፈርኩ። ወረቀታቸው ላይ ያለው እጅ ሙሉ ፍሬ የዘገነ ነው፤ የእኛ ደጋ ግን ያንን የሚሞላ ነገር የለውም። አንድ ነገር እንዳለን ላሳያት ፈለግሁ መሰለኝ። ሌሎቹም ተሰብስበው ፎቶ አነሱ። ነርሷ አንድ ቅጠል ቀጥፋ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አስገባችው። የቤቱ ባለቤት ከደጃፍ ሆና «ምን አለች?» አለችኝ። «ዛፉ አማረኝ አለች» አልኩ። ለሁለቱም ዋሸሁ ማለት ነው።

*

ውሸት ጓደኛ አያጣም። በማግሥቱ ላይ ጋይንት ስንገባ ተራራው ከታች እስከ አናቱ በድንጋይ እርከን ተጠፍሯል። የጥቅምት ፀሐይ አርፎበት፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ በጣም ያምራል። ባልየው ብስክሌቱን አቁሞ «ማን ሠራው?» አለ። «የአባቶቻችን ጥንታዊ ጥበብ ነው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እንኳ ቋንቋው የእኔ አይመስልም፤ ክፍል ውስጥ የተማርኩት የቱሪዝም ቋንቋ ነው። ያንን እርከን የሠራችው እናቴ ናት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ፕሮግራሙ «ከአንድ የገጠር ቤተሰብ ጋር ቡና» ይላል። የእኔ አያት ናት። አለቃ ነው ያሰበው፤ «የምናውቀው ቤት ይሻላል» ብሎ። የአያቴ ቤት ከንፋስ መውጫ ወረድ ብሎ ነፋስ የማይመታው ሸለቆ ውስጥ ነው። ከአንድ ሳምንት በፊት ስልክ ደውዬ ስድስት ፈረንጅ ይዤ እንደምመጣ ነግሬያታለሁ። በብስክሌት መሆኑን ግን አልነገርኳትም።

በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከብስክሌቱ ስወርድ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው ልጀ? በቅሎ ጠፋ?»

«እምዬ፣ ሥራዬ ነው።»

«እነዚህስ? መኪና የላቸውም?»

«አላቸው፤ ያው ከኋላ።»

መኪናውን አየችው። ሰዎቹን አየቻቸው፤ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሏል፣ አንዱ ጉልበቱን ይዞ ያነክሳል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስለት አለባቸው?» አለችኝ።

«የለባቸውም እምዬ። ዕረፍት ነው።»

«ዕረፍት!» አለችና ተሳለመቻቸው። አንድ በአንድ፣ ትከሻ ለትከሻ። ለሁሉም «እግዜር ያበርታችሁ» አለቻቸው። ስለት ነው ብላ እንዳሰበች የቀረች ይመስለኛል።

ቤት ገባን። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ጎረቤት ተጠርቷል። ቡናው የተቆላበትን ጢስ በየተራ እያዞረች አሸተተቻቸው። ቆሎና ቅቅል ድንች ቀረበ። ቡናው በጨው ነው፤ በአገራችን እንደዚያ ነው። እንግዶቹ መጀመሪያ ፊታቸውን ጨመደዱ፣ በሁለተኛው ስኒ ለመዱት። አቦል አለቀ፣ ቶና ተቀዳ።

ነርሷ ከበር ውጭ ዓይኗን ጣለች። ደጅ፣ ሰፌድ ላይ፣ አያቴ ጌሾ አስጥታለች፤ የጠላ ዝግጅት ላይ ናት። ከሰፌዱ ጀርባ ደግሞ የጌሾው ዛፍ አለ። ነርሷ ተነሥታ ወጣች፣ ዛፉን አየችው፣ ከደብተሯ ውስጥ የትናንቱን ቅጠል አወጣች። ተመልሳ ገብታ በኩራት ለአያቴ ዘረጋችላት። «እርስዎም ቡና አለዎት!» አለች በእንግሊዝኛ።

አያቴ ቅጠሉን ተቀብላ አገላበጠችው።

«ጌሾ ደብተር ውስጥ ምን ይሠራል? ጠላ ልትጠምቅበት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቶቻችን እየተያዩ ሳቁ። እንግዶቹም ያልገባቸውን ሳቅ አብረው ሳቁ። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አሉ?»

ዝም አልኩ። የአስተርጓሚ ዝምታ በጣም ይረዝማል። ሁለቱም ወገን ያይሻል፤ ሁለቱም እንደምታውቂ ያውቃል። አያቴ ፊቴን አነበበችው። ሕፃን ሆኜ ቅቤ ሰርቄ ስቀመጥ የምታይበት አስተያየት ነው።

«ምን ብለሻት ነው?»

«ቡና ነው ብያት።»

«ጌሾውን?»

«ወረቀታቸው የቡና አገር ይላል፣ እምዬ። የለንም ማለት አፈርኩ።»

አያቴ ጀበናውን መለስ አድርጋ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም። በጣም የገረማት ነገር ያለ ይመስል ነበር።

«ቡናው እኮ ይኸው እጃቸው ላይ ነው» አለች። «ከገበያ በስኒ እያስለካሁ የገዛሁት ነው። ተገዛ ተብሎ ነውር ሆነ? ነውሩ እንግዳ መጥቶ ሳይቀዳለት ቢሄድ ነበር።» ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና ጨመረች፦ «ንገሪያት። የተዋሸ ነገር ከቤቴ አይደር።»

ነገርኳት። እንግሊዝኛዬ ተንቀጠቀጠ። ይህ ጌሾ እንደሚባል፣ ጠላና ጠጅ የሚጠመቅበት መሆኑን፣ ቡና እዚህ ብርድ ላይ እንደማይበቅል፣ ትናንት አውቄ እንደዋሸሁ። አለቃ ከጥግ ሆኖ ጣሪያውን ያይ ነበር። ነርሷ ቅጠሉን ከአያቴ እጅ ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ «ስሙን እንደገና» አለችኝ። «ጌሾ።» ከቅጠሉ ሥር በራሷ ፊደል ጻፈችው።

«እኛም አገር አንድ የቡና ዛፍ የለም» አለች ከዚያ። «ብርድ ነው። ግን ያለ ቡና አንድ ጠዋት አንውልም። የአገሬ ሰዎች ቡናውን ወስደው ጃቫ ላይ ተከሉ እንጂ እቤታቸው አልበቀለላቸውም።»

ለአያቴ ተረጎምኩላት። አዘነች።

«እንግዲያ እነሱም እንደኛ እየገዙ ነው የሚጠጡት? ምስኪኖች!» አለችና በረካውን እስከ አፉ ሞላችላት።

ነርሷ ጠጣች። ግን ጨርሳ አልጨረሰችም ነበር። ስኒውን አስቀምጣ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅም፣ «ሌላስ?» አለችኝ። «ሌላ የነገርሽን እውነት ያልሆነ ነገር አለ? እዚህ ድረስ በጉልበቴ ነው የመጣሁት። ማየት የምፈልገው ያለውን ነው።»

እርከኑ አለ። እናም ነገርኳቸው።

ጥንታዊ አይደለም። ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት ውስጥ ናቸው፤ የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ ጉልበት ካለው የሕዝብ ሥራ ይሠራል፣ እህል ወይም ብር ይከፈለዋል። ሥራው በአብዛኛው አፈርና ውሃ ጥበቃ ነው፦ ድንጋይ መልቀም፣ ድንጋይ መሸከም፣ ድንጋይ መካብ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ድንጋይ ስትክብ አይቻለሁ። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት በዚያ እህል ነው። ባልየው የዚያን ቀን ያነሣውን ፎቶ ካሜራው ላይ ከፍቶ እንደገና አየው። «አሁንም ያምራል» አለ ቀስ ብሎ። «አዎ» አልኩት፤ «ያምራል።» ይህን ስል መጀመሪያ ጊዜ የእናቴን ሥራ እንደ ሥራ፣ እንደሚያምር ሥራ፣ ለሰው አሳየሁ።

ማታ አለቃ ከመኪናው አጠገብ ጠራኝ። «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «ግን ተጠንቀቂ። ሰው ለዕረፍት ሲመጣ የሚገዛው ዕረፍት ነው፤ ችግራችንን አይደለም።» እሱ አሥራ ምናምን ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቷል፣ ሦስት ልጆች ያሳድግበታል። ስህተት ነው ልለው አልቻልኩም። እስካሁንም ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም።

*

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ሌላ ጉዞ ሆኑ። ስለማላውቀው ነገር ሲጠይቁኝ «አላውቅም፣ እንጠይቅ» ማለት ጀመርኩ። ይህ ነገር ብስክሌቱን እንዴት እንዳቀለለልኝ አትጠይቁኝ።

ወደ አርብ ገበያ ስንወርድ አንድ የቆሎ ተማሪ አገኘን። ደበሎ ለብሷል፣ ኩርማን ከረጢት አንግቷል። ከጎጃም በእግሩ ተነሥቶ ድጓ ሊማር ወደ ጋይንት ቤተልሔም እየሄደ ነው። ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ለዝማሬ መዋሥዕት፤ ከየአገሩ ሊቅ መሆን የሚፈልግ ሁሉ እኛ ጋ ይመጣል፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን እየበላ ዓመታት ይቀመጣል። ይህን ለእንግዶቹ ስነግር ልጁ በተራው ጠየቀኝ፦

«እነሱስ የት እየሄዱ ነው?»

«ዞረው ወደተነሡበት።»

ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ለምን ተነሡ?»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ድሮ ቢሆን «መልካም ጉዞ ይላችኋል» እል ነበር። ሆላንዳውያኑ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ነርሷ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ፤ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ስማዳ ፈተነን። አስፋልቱ ቀርቷል፤ መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው። ወደ ሸለቆው ስንወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፍሬን ሲጨበጥ ጣት ይደነዝዛል፤ ስንወጣ ደግሞ ብስክሌቱን በትከሻ የምንሸከምበት ቦታ ነበር። ወገዳ ሳንደርስ ሁለት ጎማ ተበሳ፤ ያለን መለጠፊያ አለቀና ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ጎሚስታ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ለጠፈልን። አንድ ዳገት ላይ ስድስቱም ማርሽ ቀይረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሲያቃስቱ፣ ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን ያዘለች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከኋላ መጣች። ሰላም አለችን። ቀደመችን። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «አይዟችሁ!» አለችን።

እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበር የምወጣው። ያ ዳገት ስፖርት መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ነርሷ «ቡና የሚሸጡበትን አሳዪኝ» አለችኝ። አንዲት እናት ማዳበሪያ ዘርግተው፣ ቡናውን ከፊታቸው ከምረው፣ በስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። ነርሷ ቡናው ከየት እንደመጣ አስጠየቀችኝ። «ከወለጋ ነው የሚሉን፤ እኛ የምናውቀው ከመኪና ሲወርድ ነው» አሉ። ነርሷ ከሚሸጡት ላይ ሁለት ኪሎ የሚሆን ገዛች። ሴትየዋ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የሚገዛ ሰው አይተው «ሠርግ አላት?» አሉኝ። ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ የማውቀው ሰው ፈልጌ ለአያቴ ላክንላት። አያቴ በኋላ እንደነገረችኝ ሰፈሩ በሙሉ «የፈረንጇ ቡና» እያለ ከረመበት።

*

ዘጌ የደረስነው በአሥረኛው ቀን ነው። ጫካው ውስጥ ሲገባ አየሩ ይቀዘቅዛል። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ ዛፍ ቆሟል። አንዳንዱ ፍሬው መቅላት ጀምሯል። ብስክሌቴን አስደግፌ ቆምኩ።

«ይሄ ነው?» አልኩ።

አለቃ አየኝ። ጥያቄው የማን እንደሆነ ገባው። እየሳቀ «አይተሽ አታውቂም?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩ፤ እንግዶቹ ሁሉ እየሰሙ። ነርሷ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ደብተሯን ከፍታ የጌሾውን ቅጠል አወጣች፤ ከቡናው ቅጠል አጠገብ አድርጋ ያዘችው። አይመሳሰሉም። የቡናው ሰፊ ነው፣ ጠርዙ የሚወዛወዝ። የጌሾው ጠባብ፣ ጠርዙ በጥቃቅኑ የተጠረበ። እንዴት አንድ ናቸው ብላ አመነችኝ አልኩ በልቤ።

አንድ የዘጌ አዛውንት ምን እንደምናደርግ ጠየቁኝ። ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ውሸቴንም ጭምር። ሳቁና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ያን ያህል እንኳ አልዋሸሽም» አሉኝ። «ወንድማማች ናቸው።»

በዘጌ አባቶች ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ላይ ከፍለው ተከሉት፤ አንዱ ቡና ሆነ፣ አንዱ ጌሾ ሆነ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይባላል። ለዚህ ነው ይላሉ፣ ዘጌ በሬ የማይጠመደውና ሰው በእነዚህ የሚኖረው። ለነርሷ ተረጎምኩላት። ትውፊት መሆኑን አስረግጬ። «ይሄንን አልፈጠርሽውም?» አለችኝ። «አልፈጠርኩም፤ ሰውየውን ጠይቂያቸው» አልኳት። ጠየቀቻቸው። አዛውንቱ ደጋግመው አወሩላት። የቡና ቅጠል ቀጥፋ ከጌሾው ጎን አስቀመጠችው።

*

ጉዞው ሁለተኛ ጊዜ አልተደረገም። ለሚቀጥለው ዓመት የተመዘገቡ ነበሩ፤ መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ነሐሴ 2013 ንፋስ መውጫ ሲያዝ እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ፤ የአያቴ ስልክ ለቀናት አልሠራ አለ። በዚያ ሳምንት ከነርሷ ኢሜይል ደረሰኝ። ዜና ላይ የከተማውን ስም አይታ ነው። ሌላ ሰው «አካባቢው እንዴት ነው?» ይል ነበር። እሷ የጻፈችው «ጌሾ ያለበት ቤት ደህና ነው?» ነው። በኋላ አያቴን በስልክ ሳገኛት ወደ ቆላ ዘመድ ቤት ወርዳ እንደነበር ነገረችኝ። ቤቱ አለ። በጉ የለም። ጌሾው አለ። ነርሷ መጠየቋን ስነግራት ዝም አለችና «ቡና ታገኛለች?» አለችኝ።

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። በዚያ መንገድ ለዕረፍት ብሎ ፔዳል የሚመታ ሰው የለም። አለቃ ብስክሌቶቹን ሸጠ። እኔ አሁን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ፔዳል ከረገጥኩ ቆየሁ። አልፎ አልፎ ግን ወረቀቱን እንደገና ብጽፈው ብዬ አስባለሁ። ቀይ ፍሬ የዘገነውን እጅ አወጣዋለሁ። እርከኑን አስገባለሁ፤ ማን እንደካበው ከሥሩ ጽፌ። ጀሪካን ያዘለችውን ልጅ አስገባለሁ፣ ከፈቀደች። ርዕሱ ገና አልመጣልኝም።

አንድ ቀን መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ አንድ ሰው በብስክሌት ከጉና ሥር ወርዶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ አያቴ በር ላይ ቆሞ «እዚህ ቡና ይበቅላል?» ቢለኝ የምመልሰውን ግን አውቃለሁ። አይበቅልም። ግቡ፣ እየተቆላ ነው።